በዋሻው ውስጥ የቀረችው ብጫ መብራት

ራስል ቴቢ የሞተው እሑድ ረፋዱ ላይ፣ ከኖራ ድንጋዩ ኮረብታ ሥር፣ ዕድሜውን ሙሉ ሲንከባከባቸው በኖረው መሣሪያዎች መካከል ነው። የወረዳው ሸሪፍ ቢሮ መርማሪ ቨርና ስቶትስ ስትደርስ አስከሬኑ ገና አልተነሣም። በጀርባው ተንጋሏል፤ አንድ እግሩ በወደቀ የአሉሚኒየም መሰላል ሥር ገብቷል፤ ዓይኖቹ ነጭ ቀለም በተቀባው የዋሻ ጣራ ላይ ቀርተዋል። ከጆሮው ከፍ ብሎ ያለው ቁስል ጠባብና ቀጥ ያለ ነበር።

ቨርና ወዲያው አላጎነበሰችም። ልማዷ ነው፤ መጀመሪያ ቆማ ታያለች። ጉልበቷን የሚያማት፣ ጠጉሯን አሳጥራ የተቆረጠች፣ ድምፅዋን ከፍ ማድረግ የማትወድ ሴት ናት። ድሮ ድንጋይ የተፈለፈለበት ይህ ዋሻ ክረምት ከበጋ ስለሚቀዘቅዝ፣ ማዕድኑ ሲዘጋ ለኮምፒውተሮች ተከራይቷል። በዙሪያው ያሉ ሆስፒታሎች የሕሙማኖቻቸውን መረጃ የሚያስቀምጡት እዚህ ነው። መሣሪያዎቹ በብረት ቁምሳጥኖች ውስጥ በረድፍ ቆመው በዝግታ ይተነፍሳሉ። ሰው ሞቶ አጠገባቸው ተጋድሞ እንኳ አተነፋፈሳቸው አለመለወጡ ቨርናን ከአስከሬኑ ይልቅ አስጨነቃት።

«ከመሰላል ወድቆ ነው» አለ ከኋላዋ የቆመው ሰው። የማዕከሉ ኃላፊ ኔል ዌልበርን ነው፤ በእሑድ ቀን እንኳ ሸሚዙ ተተኩሷል። «ጭንቅላቱን የቁምሳጥኑ ጠርዝ መታው። ብቻህን አትውጣ እያልኩ ስንት ጊዜ ለምኜዋለሁ።»

«ምን ሊሠራ ወጣ?»

«ገመድ ሊያስተካክል ይመስለኛል።»

ቨርና ቀና ብላ አየች። ከቁምሳጥኑ በላይ ገመድ የሚባል ነገር የለም። ገመዶቹ ሁሉ ከመሣሪያዎቹ ፊት ወርደው ከወለሉ ሥር ይገባሉ። አጎንብሳ የራስልን አንገት ተመለከተች። ትንሽ ማይክ ያለው የጆሮ መከላከያ ከጆሮው ወርዶ አንገቱ ላይ በወጉ ተቀምጧል። ወድቆ የተንሸራተተ አይመስልም። በእጅ የወረደ ነው።

ከአጠገቡ ያለው መሣሪያ ስዊች ይባላል። ከሰው ቁመት የሚያንስ የብረት ሣጥን ሲሆን፣ ወፋፍራም ካርዶች እንደ መጻሕፍት ጎን ለጎን ተሰክተውበታል። ሆስፒታሎቹን ከማከማቻው ጋር የሚያገናኘው እሱ ነው። በካርዶቹ ሁሉ ላይ አረንጓዴ መብራት በርቷል። ዳር ላይ በተሰካው አንዱ ላይ ግን አንዲት ብጫ መብራት ቦግ እልም ትላለች።

«ይቺ ለምን ብጫ ሆነች?»

«የዛሬው የሶፍትዌር ማሻሻያ ገና ስላላለቀ ነው» አለ ዌልበርን። «ሲጨርስ አረንጓዴ ይሆናል።»

ቨርና በቁምሳጥኑና በግድግዳው መካከል ባለው ክፍተት ባትሪዋን አበራች። ቀጭን የብረት ክዳን ከግድግዳው ተደግፎ ቆሟል። ባዶ የካርድ ቦታዎች የሚሸፈኑበት ዓይነት ነው። ዙሪያው ሁሉ አቧራ ለብሷል፤ ክዳኑ ላይ ግን አቧራ የለም። በጓንት አንሥታ ከረጢት ውስጥ ከተተችው። ከዚያ ከራስል ምሳ ሣጥን ጎን የተጣለ ባለመስመር ፎጣ አየች። አንድ ነገር ተጠቅልሎበት እንደነበር እጥፋቱ ያሳያል። ውስጡ ግን ምንም የለም።

ፕሪሲላ ኦካምፖ መቆጣጠሪያ ክፍሉ ውስጥ ብቻዋን ተቀምጣ ነበር። ያን ቀን ማሻሻያውን ከስክሪኑ ላይ ስታካሂድ የነበረችው እሷ ናት። ስታለቅስ ቆይታ ፊቷን ታጥባለች።

«ከመጀመሪያው ንገሪኝ፣ ልጄ። ስለ ማሽን ምንም እንደማታውቅ ሴት አድርገሽ ንገሪኝ።»

«ፈርምዌር የሚባል ነገር አለ» አለች ፕሪሲላ። «መሣሪያው ውስጥ የሚኖር ሶፍትዌር ነው። ሲነሣ ማን እንደሆነና ምን እንደሚሠራ የሚነግረው እሱ ነው። ዛሬ አዲሱን ነበር የምንጭነው። ሆስፒታሎቹ እንዳይቋረጡ ግማሹ እየሠራ ግማሹ ይታደሳል። ካርዶቹ ጠፍተው ሲነሡ ማራገቢያዎቹ በሙሉ ኃይላቸው ይዞራሉ። ያኔ ዋሻው ይጮኻል።»

«ራስልስ?»

«እሱ መብራቶቹን እያየ በማይክ ይነግረኛል። የጆሮ መከላከያውን አያወልቅም፤ ድምፄ የሚደርሰው በእሱ ነው። መጨረሻ ላይ ‹ፕሪስ፣ ጀመረ። ጩኸቱ ሲያልፍ እንገናኝ› አለኝ።» እጆቿን ጭኖቿ መካከል ሸጎጠች። «ጩኸቱ ሲያልፍ ጠራሁት። አልመለሰም። ግን ትንፋሽ የሰማሁ መሰለኝ። እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም። ሮጬ ስደርስ አቶ ዌልበርን አጠገቡ ተንበርክኳል።»

«በስክሪኑ ላይ እንግዳ ነገር አላየሽም?»

ፕሪሲላ አሰበች። «በጩኸቱ መሀል ባዶ በነበረ ቦታ ላይ አንድ ካርድ ብቅ አለ፤ በብጫ። ራስል መለዋወጫ እየሞከረ ነው ብዬ ተውኩት።»

ቨርና ይህን ማስታወሻዋ ላይ ጻፈች። «ባለፈው ሳምንት ከራስል ጋር ተጣላችሁ ይባላል።»

«አቶ ዌልበርን ነው የነገረዎት። አዎ፣ ጮኸብኝ። አንዱን የፈርምዌር ሥሪት ዘልዬ የመጨረሻውን ልጫን ብል ‹ቶቢን የገደለው ጥድፊያ ነው› አለኝ።»

«ቶቢ ማነው?»

«ከእኔ በፊት እዚህ ወንበር ላይ የነበረው። ቶቢ ማርኬቲ። ራስል ነው ያሠለጠነው።» ድምፅዋ ቀነሰ። «በመጋቢት ማሻሻያ ሲጭን አንድ ካርድ ሞተ፤ ማከማቻውም ተቋረጠ። ሆስፒታሉ ውስጥ የመድኃኒት ትእዛዝ ማየት አቃታቸው። አንዲት ሴት ሞተች። ቶቢ የተሳሳተ ነገር ጫነ ተብሎ ተባረረ። ከዚያ መኪናውን ወንዙ ድልድይ ላይ አቁሞ...» አልጨረሰችውም። «ሰውየውን አላውቀውም። ግን ይሄን ወንበር ከፍ ዝቅ ማድረግ አልደፈርኩም። እሱ እንዳስተካከለው ነው የምቀመጠው። ይቆረቁረኛል፤ ግን አልነካውም።»

ድዌይን ስክራግስ የዋሻው በር ጠባቂ ነው። ቨርና ከትምህርት ቤት ጀምራ ታውቀዋለች።

«አርጅተሻል፣ ቨርና» አላት።

«አንተ ደግሞ እዚያው ነህ። ዋሻው ሲጮህ የት ነበርክ?»

ድዌይን የኮፍያውን ጠርዝ ነካካ። «ውጭ።»

«በሩስ?»

«ከውጭ ቆለፍኩት። ማንም አልገባም፣ ማንም አልወጣም። ፕሪሲላ ስትደውል ነው የከፈትኩት።»

«ሰዎች ውስጥ ትተህ ቆለፍክ?»

«አለቃዬ ከሰማ ሥራዬ አለቀ። ግን ልንገርሽ፤ ያ ጩኸት ሲጀምር እዚህ መቆም አልችልም። አያቴ እዚህ ውስጥ ነው የቀረው። ጣራው ወረደባቸው፤ አላወጧቸውም። ማራገቢያ ነው ይሉኛል። ማራገቢያ መሆኑን አላጣሁትም። ግን ማራገቢያ ሰው በስሙ ይጠራል?»

«የማንን ስም?»

«ተዪኝ በናትሽ።»

ቨርና አልገፋችውም። «ከዚህ ዕቃ ይዞ መውጣት ይቻላል?»

«ከእኔ ፊት? ቦርሳ ሁሉ ተከፍቶ ነው የሚወጣው። የራሱን የአለቃዬን ጭምር። ትእዛዙን ያወጣው ራሱ ነው።»

«ራስል ጠዋት ሲገባ ምን ይዞ ነበር?»

«የምሳ ሣጥኑንና በፎጣ የተጠቀለለ ሰፋ ያለ ነገር። ምንድን ነው ስለው ‹ሲገባ ምን አስጨነቀህ፣ ሲወጣ ጠይቀኝ› አለኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ።»

የዌልበርን ቢሮ ከመሣሪያዎቹ አዳራሽ ፊት ለፊት፣ ከመተላለፊያው ማዶ ነው፤ ግድግዳው ላይ በወጣትነቱ ካርድ ሲሰካ የተነሣው ፎቶ ተሰቅሏል። ለቨርና ወንበር ስቦ አስቀመጣት። ቃሉን ሲሰጥ ረጋ ብሎ ነበር።

«በሬ ክፍት ነበር። እየሠራሁ ሳለ ራስል ‹ፕሪሲላ› ብሎ ሲጮህ ሰማሁ፤ ከዚያ የመሰላሉን መውደቅ። ሮጥኩ። ስደርስ አልፏል።»

«ማራገቢያዎቹ እየጮኹ ሳለ?»

«ድምፁ ከጩኸቱ በላይ ነበር። እስከምሞት አልረሳውም።» ወደ ጠረጴዛው አቀረቀረ። «የጠራው የእሷን ስም ነው። ከዚህ በላይ ባልናገር ይሻላል። ወጣት ናት፤ ሕይወቷን ማበላሸት አልፈልግም።»

«ደግ ሰው ነዎት፣ አቶ ዌልበርን» አለች ቨርና፤ ተነሥታም ወጣች።

አስከሬኑ ከተነሣ በኋላ ሁሉንም አዳራሹ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ራስል የወደቀበት ቦታ በነጭ ሪባን ታጥሯል። ድዌይን ወደዚያ ላለማየት ይጠነቀቃል። ብጫዋ መብራት አሁንም ቦግ እልም ትላለች።

«ፕሪሲላ፣ ሆስፒታሎቹን ሳይነካ የሚነሣ ስዊች አለሽ?»

«ለልምምድ የምንጠቀምበት አለ። ከዚህኛው ጋር አንድ ዓይነት ነው።»

«ጩኸቱ አንድ ዓይነት ነው?»

«ያው ነው።»

ቨርና ድዌይንን ወደ ጥግ ወስዳ በጆሮው አንድ ነገር ነገረችው። ፊቱ ተለዋወጠ፤ ራሱን ነቀነቀ፤ በመጨረሻ ግን እሺ አላት። ከዚያ ዌልበርንን ይዛ ወደ ቢሮው ሄደች። በሩን ወለል አድርጋ ከፍታ አጠገቡ ተቀመጠች።

«ድዌይን ራስል በነበረበት ቦታ ቆሞ ይጮኻል» አለችው። «እኛ እናዳምጣለን።»

ጩኸቱ መጀመሪያ ከወለሉ ሥር የመጣ መሰለ። ከዚያ ተነሣ፤ ከፍ አለ፤ ግድግዳውን ሞላው። የኖራ ድንጋዩ ተቀብሎ መልሶ ሲያስተጋባው ማራገቢያ መሆኑን የምታውቀው ቨርና እንኳ የክንዷ ጠጉር ቆመ። በዚያ ውስጥ ብዙ ጉሮሮዎች ያሉ ይመስላል። ለአፍታ፣ የሞተ ወንድሟ ከሩቅ ሲጠራት የሰማች መሰላት፤ በልጅነታቸው በሚጠራት አጠራር። ዓይኗን ጨፍና ጥርሷን ነከሰች። ዌልበርን መስኮት የሌለውን ግድግዳ እያየ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል። ግንባሩ ላይ ላብ አለ።

ጩኸቱ ሲሰክን ወደ አዳራሹ ተመለሱ። ድዌይን ድምፁ ሰልሎ ቆሟል።

«ሰሙት፣ አቶ ዌልበርን?»

«ሰማሁት።»

«ምን አለ?»

ዌልበርን ጥቂት አመነታ። «ስምዎን ጠራ። ‹ቨርና› አለ።»

«እኔ ምንም አልሰማሁም» አለች። «ድዌይን፣ ምን ብለህ ጮህክ?»

«ኤሜት» አለ ድዌይን በሰለለ ድምፅ። «የአያቴን ስም። በልብህ ያለውን ስም ጥራ ብለሽኝ ነበር።»

ፕሪሲላ ቀስ ብላ ወደ ዌልበርን ዞረች።

«እንግዲህ ከዚህ እንነሣ» አለች ቨርና፤ ድምፅዋ ከተለመደው አልጨመረም። «በዚያ ጩኸት ውስጥ ከቢሮው ሆኖ የሰው ድምፅ መስማት አይቻልም። ራስል ቢጮህም አይሰማም፤ የመሰላሉ መውደቅ ደግሞ ጭራሽ። ታዲያ ራስል በጩኸቱ መሀል እንደሞተ ያወቀ ሰው አጠገቡ ነበር ማለት ነው።»

«ተሳስቼ ሊሆን ይችላል» አለ ዌልበርን። «ደንግጬ ነበር።»

«ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሌላውን እንይ። ከቁምሳጥኑ በላይ ገመድ የለም። ራስል መሰላል ላይ የሚያወጣ ሥራ አልነበረውም። መሰላሉ ራስል ከወደቀ በኋላ የመጣ ነው። ቁስሉም ጠባብና ቀጥ ያለ ነው፤ የቁምሳጥኑ ጠርዝ ግን ክብ ነው። በእጃችሁ ዳስሱት። የጆሮ መከላከያው ደግሞ አንገቱ ላይ ነበር። ከፕሪሲላ ጋር ቢሆን ኖሮ አያወርደውም፤ የእሷ ድምፅ የሚመጣው በእሱ ነው። ያወረደው ፊት ለፊቱ ቆሞ ጆሮው ሥር የሚናገረውን ሰው ለመስማት ነው።»

«ድዌይንስ?» አለ ዌልበርን።

«ወደ እሱ እመጣለሁ። ራስል ጠዋት በፎጣ የጠቀለለው ነገር ነበር። ፎጣው ተገኘ፤ ነገሩ ግን የለም። ከዋሻው አልወጣም፤ በሩ ተቆልፏል፤ ኋላም ፖሊስ መጣ። ገዳዩ በጥድፊያ የሆነ ቦታ ደብቆታል። የት?» ወደ ስዊቹ ዞረች። «ይሄ ክዳን ከግድግዳው ሥር ነበር። የባዶ ቦታ ክዳን ነው። ተነቅሎ ካርድ ተሰክቶበታል። መጽሐፍ ለመደበቅ ከመጽሐፍ መደርደሪያ የተሻለ ቦታ የለም። ብጫ የምታበራዋ ያቺ ናት።»

ፕሪሲላ አፏን በእጇ ሸፈነች። «በስክሪኔ ላይ ያየሁት...»

«አዎ። ያዳነሽም እሱ ነው። አንቺ ገዳይ ብትሆኚ በራስሽ ስክሪን ላይ ወዲያው የሚታይ ቦታ አትደብቂውም፤ ብትደብቂም ለእኔ አትነግሪኝም። ድዌይን ደግሞ ካርድ እንዴት እንደሚሰካ አያውቅም፤ የማያውቅ ሰው በጩኸት መሀል አይሞክረውም። የቀረው ድሮ በእነዚህ መሣሪያዎች ላይ ይሠራ የነበረ፣ አሁን ግን ስክሪን ፊት የማይቀመጥ ሰው ነው። ፕሪሲላ፣ ጓንት አድርጊና አውጪልኝ።»

ፕሪሲላ ሁለቱን መቆለፊያዎች ከፍታ ካርዱን በዝግታ ሳበች። እንደ ዳቦ መጋገሪያ ትሪ ሰፊ፣ ከባድ ነው። በብረት ጠርዙ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ደርቋል። ገልብጣ የኋላውን መሰኪያ ስታይ ግን እስትንፋሷ ተቋረጠ።

«ጥርሶቹ ተቃጥለዋል» አለች። «ይሄ በፈርምዌር ስሕተት አይመጣም። እየተጫነበት ሳለ በእጅ ተነቅሏል። ብጫ ሲያበራ የነበረው ለዚህ ነው። የተቋረጠበት ጭነት እስካሁን አላለቀም፤ እየጠበቀ ነው።» ቀና አለች። «የመጋቢቱ ካርድ ነው። የቶቢ።»

«ቶቢ ያን ቀን የት ነበር?»

«ቤቱ። ያን ቀን የሚጭነው ከርቀት ነበር።»

«ድዌይን፣ ያን ቀን ማንን አስገባህ?»

ድዌይን ወደ ዌልበርን ሳያይ መለሰ። «አለቃዬን ብቻ።»

«ክዳኑ በውስጠኛው ጎኑ ላይ የአውራ ጣት ምልክት አለው» አለች ቨርና። «ውስጠኛው ጎን የሚነካው ሲነቀል ብቻ ነው። የማን እንደሆነ ማወቅ ቀላል ነው። እርስዎ ቢነግሩን ግን ይሻላል።»

ዌልበርን ለረጅም ጊዜ ካርዱን ተመለከተ። ከዚያ የተተኮሰ ሸሚዙን ሳይሳሳለት ወለሉ ላይ ተቀመጠ።

«ብጫው አልጠፋ አለ» አለ። «ጠበቅሁ፣ ጠበቅሁ። ተጣብቋል ብዬ ነቀልኩት። ተነቅሎ ሲመለስ ይነሣል ብዬ ነበር። ሁሉም ነገር ቆመ። ስልኩ መጮህ ጀመረ። ሆስፒታሉ...» እጁን አነሣና መልሶ አወረደው። «ቶቢ ወጣት ነበር። ሌላ ሥራ ያገኛል አልኩ። ድልድይ ላይ ይሄዳል ብዬ አላሰብኩም። ከዚያ ወዲህ ማራገቢያዎቹ ሲጮኹ የምሰማው እሱን ነው።»

«ራስልስ?»

«ከሚወገዱ ዕቃዎች መሀል አግኝቶት ቤቱ አስቀምጦታል። ዛሬ አምጥቶ አሳየኝ። ‹ራስህ ተናገር፤ አለዚያ ለእናቱ ወስጄ አሳያታለሁ› አለኝ። ከእጁ ልቀበለው ታገልኩ። ከዚያ በእጄ ነበር፤ እሱም ወለሉ ላይ። ልገድለው አልፈለግሁም።»

«መሰላሉን ግን ፈልገው አመጡት» አለች ቨርና። «የልጅቷን ስምም ፈልገው አመጡት። ጩኸቱ ሲቆም ፕሪሲላ የሰማችው ትንፋሽም የራስል ይሆናል። አጠገቡ ተንበርክከው ነበር፤ ሰው ግን አልጠሩለትም።»

ዌልበርን በካቴና ሲታሰር ያየው ድዌይን ኮፍያውን አወለቀ፤ ለማን እንዳወለቀ ግን ማንም አልጠየቀውም።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ቨርና የቶቢን እናት ልታያት ሄደች። ሎሬታ ማርኬቲ ከከተማው ወጣ ብላ በምትገኝ ዝቅተኛ ቤት ውስጥ ብቻዋን ትኖራለች። በሩን ከፍታ መታወቂያውን ስታይ ፊቷ ምንም አልተለወጠም። ከዚህ ወዲያ የሚመጣባት መጥፎ ወሬ እንደሌለ ታውቃለች።

ቨርና ቆማ ነገረቻት። አላሳመረችም፣ አላሳጠረችም። ካርዱን፣ የተቃጠሉትን ጥርሶች፣ ራስል ምን ሊያደርግ እንደነበር፣ ምን እንደደረሰበትም ነገረቻት። ሎሬታ የወንበር መደገፊያ ይዛ ሰማቻት።

«ራስል በየሳምንቱ እየመጣ ሣር ያጭድልኝ ነበር» አለች በመጨረሻ። «አንድም ቀን አልነገረኝም።»

«እርግጠኛ ሳይሆን ሊነግርሽ አልፈለገም ይሆናል።»

«እንዲያ ነው እሱ።» ከመስኮቱ ውጭ የጎረቤት ውሻ ይጮኻል። «ሆስፒታሉ ውስጥ የሞተችው ሴትዮ ልጇ እዚህ ከተማው ሱቅ ውስጥ ገንዘብ ተቀባይ ናት። ታውቂያለሽ? ከመጋቢት ወዲህ ፊቷን ማየት አቅቶኝ ወተትና ዳቦ ለመግዛት ወንዙን ተሻግሬ ሌላ ከተማ ድረስ እነዳለሁ። ያን ድልድይ ደርሶ መልስ። ሌላ መንገድ የለም።»

ቨርና መታወቂያዋን ወደ ኪሷ መለሰች።

ሎሬታ ከግድግዳው ላይ ሹራቧን አውርዳ ለበሰች። ቦርሳዋን አነሣች። በሩ ላይ ስትደርስ ቆመች።

«እናቷን የገደለው ልጄ አለመሆኑን እኔ ራሴ ልንገራት» አለች። «አብረሽኝ ብትሆኚ ደስ ይለኛል። ሱቁ ሳይዘጋ።»

ቨርና ክንዷን ሰጠቻት። ሎሬታ አጥብቃ ያዘቻት፤ ተያይዘውም ደረጃውን ወረዱ።